የመንዝ ድንጋይ፤ ስለ ኳርትዝና ስለ ዘመዶቹ

ክረምቱ አልፎ ትምህርት ሲከፈት፣ ከመኝታ ክፍል ጓደኞቻችን አንዱ፣ የግሼ ልጅ፣ እናቱ በሶና ቆሎ ቋጥረው ከሰጡት ከረጢት ውስጥ አንዲት ድንጋይ አወጣልን። የዶሮ እንቁላል ታህላለች፤ ውጭዋ ሻካራ፣ መልኳ የቡና አተላ የመሰለ። «ምንድናት?» ብንለው «ልጆች ከገደል ሥር የሚለቅሟት ናት» አለን። አንደኛው ጎኗ ተፈልጦ ነበርና በዚያ በኩል ወደ መስኮቱ ስናዞራት ከውስጧ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብልጭታ ወጣ። በክፍሉ የነበርነው ሁሉ ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን።

ከዚያማ ክርክሩ ተጀመረ። አንዱ «ኳርትዝ ነው» አለ። ሌላው «ብርጭቆ ነው እንጂ የምን ኳርትዝ!» አለ። ሦስተኛው የጂኦሎጂ ተማሪ ነውና «ኦፓል ነው፤ የኳርትዝ ዘመድ ነው እንጂ ራሱ ኳርትዝ አይደለም» ብሎ ነገሩን ዘጋው። ድንጋይዋም መስኮቱ ላይ ተቀመጠች። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይታ አንድ ቀን ከክፍል ስንመለስ የሸረሪት ድር በመሰለ ስንጥቅ ተሞልታ አገኘናት። ማንም አልጣላትም፤ ማንም አልነካትም። ብልጭታዋም ደብዝዟል።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችን ያቺ ስንጥቅ ናት። ሳይመታ የሚሰነጠቅ ድንጋይ ምን ዓይነት ድንጋይ ነው? ከመንዝ ተራራ ውስጥ እንዴት ተገኘ? ማንስ ለየው? ብለን ስንጠያየቅ፣ መልሱን ፍለጋ ቤተ መጻሕፍት ገባን፤ የጂኦሎጂ ጓደኞቻችንንም አስቸገርን። ያገኘነውን እነሆ ለአንባቢ እናቀርባለን።

እንደሚታወቀው ስለ መንዝ፣ ስለ ግሼና ስለ መርሐ ቤቴ ታሪክ ሲነሣ ወሬው ሁሉ የሰው ነው። ከመንዝ ተነሥቶ የሸዋን መሳፍንት ሐረግ የጀመረው ነጋሢ ክርስቶስ ይነሣል፤ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ዘነበ ወርቅ ሰላ ድንጋይ ላይ መቀመጣቸው ይነገራል። ይኸ ደግ ነው። ነገር ግን እነዚያ ሁሉ ሰዎች የቆሙበት፣ ቤታቸውን ያነጹበት፣ እህላቸውን የፈጩበት ድንጋይ የራሱ ታሪክ እንዳለው የሚያስብ ጥቂት ነው። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይባል የለ? ለድንጋይ ሲሆን ደግሞ ከመዳብም አይቆጠርም።

እንግዲህ ከስሙ እንጀምር። አብዛኞቻችን «ኳርትዝ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ ያነበብነው ከድንጋይ መጽሐፍ ሳይሆን ከእጅ ሰዓት ፊት ላይ ነው። ብዙዎቻችን የሰዓት ማርካ ነው ብለን እናስብ ነበር። ኳርትዝ ግን በየብስ ላይ እጅግ ተራ ከሚባሉት ማዕድናት አንዱ ነው፤ በአህጉራት ቅርፊት ውስጥ በብዛቱ የሚበልጠው የፌልድስፓር ወገን ብቻ ነው። የተሠራው ከሁለት ንጥረ ነገሮች፣ ከሲሊከንና ከኦክስጅን ነው፤ የሁለቱ ውሕድ ሲሊካ ይባላል። ወንዝ ዳር የምንረግጠው አሸዋ በአመዛኙ የኳርትዝ ቅንጣት ነው። ሌሎቹ ማዕድናት ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅባቸው በስብሰው አፈር ይሆናሉ፤ ኳርትዝ ግን አይበሰብስም፤ ይሰበራል፣ ይሞርዳል፣ ይንከባለላል፣ ነገር ግን ኳርትዝ እንደሆነ ይቀራል።

ጥንካሬውንም ማንም ሰው ያለ ላቦራቶሪ ሊፈትነው ይችላል። ፍሪድሪክ ሞስ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1812 ባወጣው ከ1 እስከ 10 በሚደርስ የጥንካሬ መለኪያ ኳርትዝ 7ኛውን ደረጃ ይይዛል። ይኸውም ብርጭቆንም ሆነ ተራ ቢላዋን ይጭራል ማለት ነው። አንድ ነጭ ድንጋይ አግኝታችሁ ብርጭቆ ላይ ብትፈትጉትና ካልጫረ፣ ኖራ ድንጋይ ወይም ሌላ ነገር ነው እንጂ ኳርትዝ አይደለም። ገበሬው ቢላዋውንና ማጭዱን በአሸዋ ድንጋይ ላይ ሲስል ሥራውን የሚሠራለት በድንጋዩ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ነው።

ዓይነቱ ብዙ ነው። ንጹሑ እንደ ውኃ የጠራ ነው። በውስጡ ጥቃቅን የፈሳሽ አረፋዎች ከገቡ ወተት ይመስላል። ጥቂት ብረት ገብቶበት በመሬት ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ጨረር ሲያገኘው ወይን ጠጅ መልክ ይይዝና አሜቲስት ይባላል፤ ብረቱ በሌላ ሁኔታ ሲቀመጥ ቢጫ ይሆንና ሲትሪን ይባላል፤ አሉሚኒየም ገብቶበት ጨረር ሲያገኘው ደግሞ ጭስ ይመስላል። ከዚህ ሌላ ክሪስታሉ በዓይን የማይታይ፣ እጅግ የደቀቀ ኳርትዝ አለ። ይህ ኬልቄዶን ነው። ኬልቄዶን ቀለበት በቀለበት ሆኖ ሲደራረብ አጌት፣ በብረት ዝገት ሲቀላ ሰርድዮን፣ ደፈርሶ ብርሃን የማያሳልፍ ሲሆን ኢያስጲድ ይባላል።

ቤተ ክህነት ያደገ ጓደኛችን እዚህ ላይ አቋረጠን። «እነዚህን ስሞች እኮ ከፊደል ጋር ነው የተማርናቸው!» አለ። እውነቱን ነው። በዮሐንስ ራእይ በ21ኛው ምዕራፍ የተዘረዘሩት 12ቱ የመሠረት ድንጋዮች ውስጥ ኢያስጲድ፣ ኬልቄዶን፣ ሰርዶንክስ፣ ሰርድዮን፣ ክርስጵራስስና አሜቴስጢኖስ አሉ። የጥንት ሰዎች ስሞቹን የሚሰጡት በመልክ እንጂ በኬሚስትሪ አልነበረምና ዛሬ ከምንላቸው ጋር ሁሉ በሁሉ ላይገጥሙ ይችላሉ። ሆኖም በዛሬው አጠራር ስናያቸው ከአሥራ ሁለቱ ስድስቱ የኳርትዝ ወገን ሆነው እናገኛቸዋለን። እንግዲህ የመንዝና የመርሐ ቤቴ ቆሎ ተማሪ እነዚህን ስሞች በቃሉ ሲያነበንብ፣ ድንጋዮቹ በባሕር ማዶ ያሉ የነገሥታት ዘውድ ጌጦች ይመስሉት ነበር እንጂ የአንዳንዶቹ ወገን በእግሩ ሥር ይሆናል ብሎ አያስብም።

ታዲያ የጓደኛችን ድንጋይ ለምን ኳርትዝ አልሆነችም? ኦፓልም ሲሊካ ነው፤ ግን ውኃ የያዘ ሲሊካ ነው። በኳርትዝ ውስጥ አቶሞቹ እንደ ወታደር ሰልፍ ተስተካክለው ቆመዋል፤ በኦፓል ውስጥ ያ ሥርዓት አልተሟላም፣ በመካከሉም ውኃ አለ። የቀለሙ ምሥጢር ለብዙ ዘመን ሳይታወቅ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1964 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይተው ገለጹት። የከበረ ኦፓል ውስጡ እጅግ ጥቃቅን በሆኑ የሲሊካ እንክብሎች የተሞላ ነው። እያንዳንዱ እንክብል ከአንድ ሚሊሜትር አሥር ሺኛ ክፍል ጥቂት ከፍ ይላል። እንክብሎቹ እኩል ሆነው በረድፍ ሲደረደሩ ብርሃኑን ይከፋፍሉትና ቀስተ ደመና ያሳያሉ። እኩል ካልሆኑ ወይም ተዘበራርቀው ከተቀመጡ ቀለሙ የለም። ስለዚህ ቀለሙ ማቅለሚያ አይደለም፤ የአደራደር ውጤት ነው።

ባልጩት ደግሞ ሌላው ዘመድ ነው። እሳተ ገሞራ የተፋው፣ ሲሊካ የበዛበት ቅላጭ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ አቶሞቹ ለመሰለፍ ጊዜ ስለማያገኙ ጥቁር ብርጭቆ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ «ብርጭቆ ነው» ያለው ጓደኛችን ስለ ባልጩት ቢናገር ኖሮ ትክክል ነበር።

ወደ ተራራው እንመለስ። ከሙከ ጡሪ ተነሥቶ በለሚ በኩል ወደ ዓለም ከተማ የሚሄድ መንገደኛ የጀማን ሸለቆ ይወርዳል። መኪናው ጠመዝማዛውን ሲወርድ አብዛኛው ሰው ፍርሃት ይዞት ዓይኑን ይጨፍናል፤ ዓይኑን የገለጠ ግን የአገሩን ታሪክ በገደሉ ላይ ተጽፎ ያያል። ከላይ ጥቁሩ የባሳልት ድንጋይ፣ ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል የኖራ ድንጋይ። የኖራው ድንጋይ አገሩ ባሕር የነበረበት ዘመን ምስክር ነው። የአሸዋው ድንጋይ ወንዞች ከሩቅ ያመጡት የኳርትዝ ክምችት ነው። ጥቁሩ ደግሞ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ መሬት ተሰንጥቃ ደጋግማ ያፈሰሰችው ቅላጭ ነው። የመንዝ ደጋ በዚህ በጥቁሩ ላይ ተቀምጧል። የጂኦሎጂ ሰዎች በአገራችን ካርታ ላይ አንዱን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወገን «ጣርማ በር» ብለው ሰይመውታል፤ የመገዘዝም ተራራ ስም እዚያው ገብቷል። የአገራችን ገበሬ የጠራቸው ስሞች በሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ አሉ ማለት ነው፤ ይኸን ብዙዎቻችን አናውቅም።

ነገር ግን ተራራው ከላይ እስከ ታች ባሳልት ብቻ አይደለም። በንብርብሩ መካከል እሳተ ገሞራው የተፋው፣ ሲሊካ የበዛበት አመድ ተጣብቆ ድንጋይ የሆነበት ሽፋን አለ። ዝናቡ በዚያ አመድ ውስጥ ሲሰርግ ሲሊካውን ያሟማል፤ የሟሟውም በድንጋዩ ቀዳዳና ባዶ ቦታ ውስጥ እንደ ሙጫ ይረጋል። በረጋበት ሁኔታ መሠረት አንዱ ቦታ ኬልቄዶን፣ ሌላው ቦታ ኦፓል ይሆናል። የጓደኛችን ድንጋይ የእንቁላል ቅርጽ የኖራት በዚህ ምክንያት ነው፤ ያደገችው በአመዱ ድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ ነውና።

የሰው ልጅ ከእነዚህ ድንጋዮች ጋር የተዋወቀው ገና ሰው ሙሉ ሰው ሳይሆን ነው። በኦሞ ሸለቆ 2.3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው ትናንሽ የድንጋይ ስለቶች ተገኝተዋል፤ በአብዛኛው የተፈለጡት ከኳርትዝ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ አዋሽ ዳር በሚገኘው መልካ ቁንጡሬ ደግሞ የጥንቶቹ ሰዎች ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ ከአካባቢው ባልጩት ይሠሩ ነበር። ባልጩቱ የሚወጣበት ሥፍራ ስሙም ባልጭት ነው። መልካ ቁንጡሬና ባልጭት በ2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2024) በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ይህም ነገር አልፎ የቀረ እንዳይመስለን፤ በኮንሶ ቆዳ የሚፍቁ ሴቶች ከኳርትዝና ከመሰል ድንጋዮች በፈለጡት መፋቂያ ሲሠሩ ተመራማሪዎች በእኛው ዘመን አይተው ጽፈዋል።

ክብሪት ባልነበረበት ዘመንም እሳት የሚጫረው ብረትን ከጠንካራ ድንጋይ ጋር በማጋጨት ነበር። ብልጭታው ከድንጋዩ የሚወጣ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ድንጋዩ ከብረቱ ስለሚጠነክር ቅንጣት ብረት ይፍቃል፤ ያቺ ቅንጣት በፍትጊያው ግላ አየር ሲያገኛት ትነዳለች። ይኸን የማያውቅ ሰውም እሳቱን ያነድ ነበር። እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው ነገር አለ፤ በድንጋይ ለመጠቀም ምሥጢሩን ማወቅ የግድ አልነበረም፤ የድንጋይን ዋጋ ለማግኘት ግን ማወቅ የግድ ነው። የመንዝ ኦፓል ታሪክ ይኸን ያሳያል።

በ1986 ዓ.ም. ገደማ (እ.ኤ.አ. 1993-94) በመንዝና ግሼ፣ ይታ በተባለው ሸንተረር አካባቢ የተገኘ ኦፓል ወደ ዓለም የከበሩ ድንጋዮች ገበያ ወጣ። ከዚያ በፊት የኦፓል አገር ሲባል የሚጠራው አውስትራሊያ ነበር፤ ሜክሲኮም ትከተላለች። ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ አትታወቅም። እ.ኤ.አ. በ1996 የአሜሪካ የከበሩ ድንጋዮች ተቋም በሚያሳትመው መጽሔት ስለ ሸዋው ኦፓል ሰፊ ጥናት ወጣ። ብርቱካንማ፣ ቢጫና በተለይም ቸኮላታ የመሰለ ቡናማ መልክ ያለው፣ በእንቁላል ቅርጽ የሚገኝ አዲስ ድንጋይ ተብሎ ተገለጸ። ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የመዘዞ ከተማ ስምም ለድንጋዩ መጠሪያ ሆነ፤ «የመዘዞ ኦፓል» ተባለ። ፊት አይቶት የማያውቅ የባሕር ማዶ ነጋዴ መዘዞ የሚለውን ቃል መጥራት ተማረ።

ደስታው ግን ብዙም አልቆየም። ድንጋዩን የገዙ ሰዎች ከጥቂት ጊዜ በኋላ መሰንጠቅ ጀመረብን አሉ። ሁሉም አልተሰነጠቀም፤ ብዙው ግን ተሰነጠቀ። ምክንያቱ የእኛው መስኮት ላይ የሆነው ነው። ኦፓሉ ከእርጥብ መሬት ወጥቶ ደረቅ አየርና ፀሐይ ሲያገኘው ውኃው ይተናል፤ ዳሩ ከመሐሉ ቀድሞ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ መሐሉ ግን አልተኮማተረም፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል። ጭቃ ሲደርቅ የሚሆነውን ያየ ሰው ይኸን ለመረዳት አይቸገርም። የትኛው እንደሚሰነጠቅና የትኛው እንደሚጸና ሳይለይ፣ ቀስ ብሎ ማድረቅና ቆይቶ መምረጥ ሳይለመድ፣ እንደ ወጣ ስለ ተሸጠ የኢትዮጵያ ኦፓል ሁሉ «ይሰነጠቃል» የሚል ስም ወጣበት። ስም አንዴ ከወጣ ደግሞ ደጉም ከክፉው ጋር ይወቀሳል።

ይህ ስም የተለወጠው ከ14 ዓመት በኋላ ነው፤ የተለወጠውም በመንዝ አልነበረም። ከመንዝ ወደ ሰሜን፣ በደቡብ ወሎ ደላንታ ወረዳ፣ ወገል ጤና አጠገብ ፀሐይ መውጫ በተባለ ቦታ በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2008) የአካባቢው ሰዎች ሌላ ኦፓል አገኙ። ይህኛው በአመዛኙ ነጭ መደብ ያለው ነው። የሚገኝበትም ሽፋን ስስ ነው፤ ከደጋው አፋፍ ወደ 350 ሜትር ዝቅ ብሎ በገደሉ ወገብ እንደ መቀነት ይዞራል። ዕድሜው ከባሳልቱ ጋር ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ልዩ ጠባዩ ውኃ መጠጣቱ ነው። ውኃ ውስጥ ሲነከር ቀለሙን ጥሎ እንደ ብርጭቆ ይጠራል፤ ሲደርቅ ወደ ቀድሞው መልኩ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት ተመራማሪዎቹ ድንጋዩን ከ1.5 ሜትር ከፍታ ሲሚንቶ ላይ ጥለውት እንዳልተሰበረ ጽፈዋል። የኢትዮጵያ ኦፓል በዓለም ገበያ ስሙ የታደሰው በዚህ ነው።

እንግዲህ ሁለቱ ድንጋዮች ወንድማማች ናቸው፤ በአንድ ዓይነት አመድ ውስጥ በአንድ ዓይነት ውኃ የረጉ ናቸው። የአንዱ ዋጋ ወድቆ የሌላው የተነሣው ጠባያቸው ስለተለያየ ብቻ ግን አይደለም። የወገል ጤናው ጠባይ ገና ከመነሻው ተጠንቶ፣ ተጽፎ፣ ለገዢው ተነግሮ ነበር። የመንዙ ጠባይ የታወቀው ገዢው ከተቀየመ በኋላ ነው።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰም አይደለም። የሰዓቱን ኳርትዝ እንመልከት። ዣክ ኩሪና ወንድሙ ፒየር ኩሪ የተባሉ ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1880 ኳርትዝ ሲጨመቅ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ አገኙ። ኤሌክትሪክ ሲሰጡትም በተራው ይንቀጠቀጣል፤ ንዝረቱም እጅግ የተስተካከለ ነው። በዚህ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1927 አሜሪካ ውስጥ በቤል ላቦራቶሪ የመጀመሪያው የኳርትዝ ሰዓት ተሠራ፤ ቁም ሣጥን የሚያህል ነበር። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 1969 ደግሞ ሴይኮ በቶኪዮ የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ አቀረበ። በዛሬው የእጅ ሰዓት ውስጥ ያለችው ቅንጣት ኳርትዝ በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ትንቀጠቀጣለች። ይህን ቁጥር 15 ጊዜ ለሁለት ብትከፍሉት 1 ይመጣል፤ ሰዓቱ ሴኮንድ የሚቆጥረው እንዲህ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለጦር ሬዲዮ የሚሆነው የጠራ ኳርትዝ በአብዛኛው ከብራዚል ይወጣ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ግን የኢንዱስትሪ አገሮች ኳርትዝን በብረት ጋን ውስጥ፣ በግፊትና በሙቀት፣ እንደ አትክልት ማሳደግ ቻሉ። ዛሬ በእጃችን ያለው ሰዓትና ስልክ የሚሠራበት ኳርትዝ በፋብሪካ ያደገ ነው። ያለ ዕውቀት የተሸጠ ድንጋይ ዋጋውን የሚወስንለት ገዢው ነው፤ ገዢው ሌላ መንገድ ያገኘ ዕለት ሻጩ ጉድጓዱን ታቅፎ ይቀራል።

በእኛ አገር ደግሞ ጉድጓዱም ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። የኦፓሉ ሽፋን በገደል ወገብ ላይ ስለሆነ ቆፋሪው በገመድ ወርዶ ወይም በጠባብ መንገድ ተንጠልጥሎ ወደ ተራራው ውስጥ ዋሻ ይቆፍራል። ከላይ ያለው የባሳልት ክብደት በዚያ ዋሻ ጣራ ላይ ነው። ድጋፍ የለም፤ ለድጋፍ የሚሆን እንጨትም በዚያ ደጋ በቀላሉ አይገኝም። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ በደላንታ ሃያ ያህል ቆፋሪዎች ዋሻው ተደርምሶ ከውስጥ እንደ ተዘጋባቸው በዜና ሰምተናል። ዕድሜያቸው እንደኛው የሆነ ወጣቶች እዚያ ሥራ ላይ ብዙ ናቸው። ተቆፍሮ የወጣው ድንጋይ ደግሞ ብዙው ሳይቆረጥና ሳይወለወል ይሸጣል፤ ሕንድ ውስጥ ጃይፑር በምትባለው ከተማ ባለ ሙያዎች ቆርጠውት፣ ወልውለውት፣ ዋጋው እዚያ ይጨምራል። የሞቱ ዕዳ ለእኛ፣ የእጅ ሙያው ለሌላ ሆነ ማለት ነው።

«ታዲያ ምን ይደረግ? ገበሬው አትቆፍር ይባል?» ብሎ የግሼው ጓደኛችን ጠየቀን። ቤታቸው መሬት ጠባብ ነው፤ ውርጭ ገብሱን የሚመታባቸው ዓመት ብዙ ነው። አትቆፍር ማለት ለእኛ ከከተማ ሆነን ይቀለናል። እሱ ራሱ ያነሣው ነገር ግን አሳሰበን። «እኛ አገር ጓሳ አለ» አለ።

ጓሳ ማለት ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የመንዝ የሣር ደጋ ነው። ሣሩም ጓሳ ይባላል፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ በድርቅ ዘመን ከብት ይድንበታል። የመንዝ ሰው ይህን ሣር ለ400 ዓመት ያህል ያስተዳደረው ቄሮ በሚባል የራሱ ሥርዓት ነው። ሜዳው ለ3 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘጋል፤ ማንም አያጭድበትም፣ ማንም ከብት አያስገባበትም። አባ ቄራ የተባለው ሹም ይጠብቃል። ሣሩ ሲደርስ በበጋው መካከል ቀኑ ይቆረጥና ሁሉም በአንድነት ይገባል፤ ሲበቃ ደግሞ ይወጣል። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. ከወጣው የመሬት አዋጅ በኋላ ፈረሰ፤ ሕዝቡ ግን በኋላ ዘመን መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ፣ ኮሚቴ መርጦ ጓሳን እንደገና ጠበቀ። ዛሬም ጭላዳና ቀይ ቀበሮ በጓሳ የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ሣር ሳይደርስ የታጨደ እንደሆነ ሥሩ እንደሚጎዳ የመንዝ ሰው ያውቅ ነበር፤ ማወቁንም ሕግ አደረገው። ድንጋይ ሳይደርቅ የተሸጠ እንደሆነ እንደሚሰነጠቅ፣ ዋሻ ሳይደገፍ የተቆፈረ እንደሆነ እንደሚደረመስ ዛሬ እናውቃለን፤ ይህን ግን ገና ሕግ አላደረግነውም። ሣር እንደገና ይበቅላልና ቢበላሽም ተስፋ አለው፤ ኦፓል ግን አይበቅልም። ለሚበቅለው የተበጀው ሥርዓት ለማይበቅለው እንዴት ይነፈጋል? የት እንደሚቆፈር፣ ማን ዋሻውን እንደሚያይ፣ ድንጋዩ ስንት ወር ጥላ ሥር ቆይቶ እንደሚመረጥ ለመወሰን ከሩቅ የሚመጣ ብልሃት መጠበቅ የለብንም። የሽማግሌው፣ የዕድሩና የጉልበቱ አደረጃጀት እዚያው አለ። የሚጎድለው ስለ ድንጋዩ ያለው ዕውቀት ነው። እሱ ደግሞ በእኛ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ፣ ገበሬው በማያነበው ቋንቋ ተጽፎ አቧራ ይጠጣል።

የእኛ የተማሪዎች ድርሻ እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን። ትልቅ ነገር አይደለም። በሚቀጥለው ዕረፍት ወደ የአገራችን ስንሄድ፣ ከመንዝም ይሁን ከመርሐ ቤቴ፣ ከወሎም ይሁን ከጉጂ፣ አንድ አንድ ድንጋይ ይዘን እንምጣ። ከየት እንደ ተነሣ፣ በምን ዓይነት ድንጋይ ውስጥ እንደነበረ፣ የአገሩ ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራው በወረቀት እንጻፍበት። ስሙን ከሽማግሌዎች እንጠይቅ፤ ከእነሱ ጋር ከጠፋ ወዲያ ከየትም አናገኘውም። የጂኦሎጂ ጓደኞቻችን ዓይነቱን ይለዩልን፤ የቋንቋ ተማሪዎች ስሙን ይመዝግቡ፤ የሕግና የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ስለ ደንቡና ስለ ገበያው ያስቡበት። የተገኘውም በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ በአንድ ወረቀት ተጽፎ ወደ መጣበት ቀበሌ ይመለስ።

የግሼዋ ድንጋይ እንደ ተሰነጠቀች አለች። ልንጥላት ነበር፤ ባለቤቱ ግን አይሆንም አለ። አሁን ከመጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ በክዳን ብርጭቆ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ከሥሯም የተገኘችበት ሥፍራ፣ የወጣችበት ወርና የተሰነጠቀችበት ሳምንት በእጅ ጽሑፍ ተጽፎባታል። ጓደኛችን ለታናሽ ወንድሙ ደብዳቤ ልኮ፣ የሚቀጥለውን ድንጋይ ከአፈሩ ሳይለይ ጥላ ሥር እንዲያቆይለት ነግሮታል። ልጁም «እሺ ወንድም ጋሼ፣ ግን እስከ መቼ?» ብሎ ጽፎለታል። የዚህን መልስ ከእናንተ መካከል የሚያውቅ ካለ ወደ ዝግጅት ክፍሉ ይላክልን።